ሳይጠሯት አቤት

ደመወዝ ከፋዩን ካላስቸገርን በስተቀር እውነተኛ ስሟን የሚነግረን የለም። ሆስፒታሉ በሙሉ፣ ከዳይሬክተሩ እስከ ጥበቃው፣ «አቤት» ነው የሚላት። ታናናሾቿ «እትዬ አቤት» ይሏታል። እኩዮቿ ግን እንዲያው «አቤት!» ብለው ይጣራሉ፤ እሷም «አቤት!» ብላ ትመልሳለች። አዲስ የመጣ ሰው ከሁለቱ ማን ማንን እንደጠራ ሳይገባው ይሄዳል።

የስልክ ማዕከሉ ኦፕሬተር ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ስታነሳ «ሃሎ» ብላ አታውቅም። የሚደውለው የላቦራቶሪ ሰው ይሁን፣ አባቱ የትኛው ክፍል እንደተኛ የጠፋው ልጅ ይሁን፣ ቁጥር ተሳስቶ የደወለ የቆርቆሮ ነጋዴ ይሁን፣ ለሁሉም መልሷ ያው «አቤት!» ነው፤ ያውም ከወንበሯ ብድግ እያለች።

ይህን ያስለመደቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው በጊዜ ስትሞትባቸው ትልቋ ልብስ እየሰፋች ትንሿን አሳደገቻት። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ድምፅ ስለሚውጥ ትልቋ «አንቺ ልጅ!» ብላ በጩኸት ትጣራለች፤ ትንሿ ከየትም ትሁን ከየት ወዲያው «አቤት!» ማለት አለባት። ካላለች ቁንጥጫ አለ። በዚህ ዓይነት ጥሪ ሰምቶ ዝም ማለት የሚባል ነገር ከደሟ ወጣ። ዛሬ ሁለቱም ፀጉራቸው ሸብቶ አንድ ቤት ይኖራሉ። በግድግዳው ማዶ የጎረቤት ስልክ ሲጮህ ትንሿ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ «አንሱት እንጂ እናንተ ሰዎች!» ትላለች። ትልቋ ታዲያ ምላሷ መቀስ ነውና ትቆርጣታለች።

«አንቺ እኮ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ነሽ!»

«ምን ላድርግ እታለም፣ አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ!»

«እኔ ስጠራሽ አቤት በይ አልኩሽ እንጂ መንደሩ ሲጠራ አልኩሽ?»

ክርክሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል፣ ሁልጊዜም ትልቋ ታሸንፋለች።

የአቤት ክፍል ደረጃው ሥር ናት። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ጣሪያዋ ይደበደባል። ጠረጴዛዋ ላይ ባለ ብዙ አዝራር የስልክ ሰሌዳ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ወንበሯ ትራስ ተነጥፎበታል፤ ፊት ለፊቷ ኮሪደሩን የምታይበት ትንሽ ባለ መስታወት መስኮት አለ። ላቦራቶሪ ሲደውል ወደ ነርሶች ታገናኛለች፣ ነርሶች ሲደውሉ ሐኪም ትፈልጋለች፣ ሐኪሙ መስመር ላይ ከጠፋ መስኮቷን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ትጣራለች። መቼም እውነቱን እንናገር፣ ያም ቢሆን ገነት አልነበረም። ላቦራቶሪው ሲደውል የነርሶቹ መስመር ተይዟል፤ መስመሩ ሲለቀቅ ነርሷ ሐኪም ፍለጋ ወጥታለች፤ ሐኪሙ ደግሞ እሷን ፍለጋ በሌላው ደረጃ ወርዷል። መልእክት ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የግራ እግር ቀኝ እግር እየሆነ የደረሰበት ጊዜ ነበር። በሽተኛ ይጠብቃል፣ ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ለዚህ ነው አዲሱ ነገር የመጣው፤ መምጣቱም ደግ ነበር።

ስሙን «የተቀናጀ የመገናኛ ሥርዓት» አሉት። ሠራተኛው ግን «ጯሂው» አለው። ለእያንዳንዱ ነርስ፣ ሐኪም፣ መድኃኒት ቤት፣ ላቦራቶሪና በሽተኛ አመላላሽ ኪስ የሚገባ መሣሪያ ታደለ። አንድ ክፍል መልእክት ሲልክ የሚመለከታቸው ሁሉ ኪስ ውስጥ እኩል ይጮሃል፣ የተጻፈውም እኩል ይነበባል። ለማሠልጠን አንዲት ፈጣን አንደበት ያላት ወጣት ባለሙያ መጣች፤ ሠራተኛው በየተራ አዳራሽ ገብቶ እንዲማር ታዘዘ።

«ስልኩንስ ማን ያንሳ?» አለች አቤት።

ዳይሬክተሩ አሰቡና «አንቺ ተቀመጪ፤ አንቺ እንኳ ለመገናኛ አዲስ አይደለሽም» አሏት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ሆስፒታሉ ስለ መገናኛ ሊማር አዳራሽ ሲገባ የመገናኛዋን ሴትዮ ውጭ ትቶ ገባ! በር ጠባቂው እንኳን ተማረ። አትክልተኛው ቁጭ ብሎ ሰማ፤ ሻይም ጠጣ። የሁሉም ክፍል መልእክት የሚመጣበት ትልቁ መሣሪያ የተሰጣት እሷ ግን ደረጃው ሥር ቁጭ ብላ «አቤት! አይ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል ዋለች። እሺ፣ ተናድጄ ጨረስኩ።

ትምህርቱን ያመጣላት በሽተኛ የሚያመላልሰው ሰውዬ ነው፤ ተሽከርካሪ አልጋ ሲገፋ ስለኖረ «ጎማ» ይሉታል። ከአዳራሹ ሲወጣ መስኮቷ ላይ ተደግፎ ቆመ።

«ምን ምን አሏችሁ?» አለችው።

«ብዙ ነገር አወሩ። አንቺን የሚመለከትሽ አንድ ነገር ነው። ሲጮህ አረንጓዴዋን ትነኪያለሽ፣ ዝም ይላል። አለቀ።»

«ቀይዋስ?»

«ቀይዋን እንዳትነኪ። ቀይ ነገር መቼም ለደግ አይሆንም።»

ሰውዬው ክፋት የለበትም። የያዘውን ያህል አካፈላት፤ የያዘው ግን ግማሹን ነበር። አረንጓዴዋ «ሰምቻለሁ» ማለት አይደለችም። «ይህን ጉዳይ እኔ ይዤዋለሁ፣ ሌላ ሰው አይድከም» ማለት ናት። አንድ ሰው አረንጓዴ ሲነካ ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው እንዳይሮጥ የሌሎቹ ኪስ ሁሉ ዝም ይላል። ቀይዋ ደግሞ «እኔ አይደለሁም፣ ለሌላው ይጩህ» ማለት ናት። ማንም ካልያዘው መሣሪያው ራሱ ወደ በላይ አለቃ እየጮኸ ይወጣል። ከጎማ በቀር አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል። አቤት አታውቅም፤ እንደማታውቅ ደግሞ የሚያውቅ ሰው የለም።

እንግዲህ አስቡት። ጥሪ ሰምታ ዝም ማለት የማትችል ሴት፣ የሆስፒታሉ ጥሪ ሁሉ የሚጮህበት መሣሪያ፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ። ገና ጢጥ ሲል ጣቷ እላዩ ላይ ነው። ከዚያም እንደ ድሮዋ ስልኳን አንስታ መልእክቱን ለባለቤቱ ትነግራለች፤ ደግ ሥራ የሠራች መስሏት። ካገኘቻቸው ጥሩ። ካላገኘቻቸው ደግማ ደጋግማ ትደውላለች። በመካከሉ ሌላ ይጮሃል፣ እሱንም ትነካለች።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ግራ ገባው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ተሽከርካሪ አልጋ ያዛል፣ አልጋው አይመጣም። ጎማ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ይላል። መድኃኒት ቤቱ «ማንም አልጠየቀንም» ይላል፣ ነርሷ «ኧረ ልኬያለሁ!» ትላለች። ሁሉም መሣሪያውን ሰደበው። አቤትም ከማንም በላይ ሰደበችው።

«ይሄ ዕቃ ሰውን አፈዘዘው» ትላለች መስኮቷ ላይ ለቆመ ሁሉ። «ድሮ ነርስ ስትጠራ ሰው ይሮጥ ነበር። አሁን ሁሉም ኪሱን ዳሰስ አድርጎ ቁጭ!»

ከሁሉ የገረማት የምሳ ሰዓቱ ነገር ነው። ምሳ ልትበላ ወጥታ ስትመለስ ሥራው ሁሉ ተቀላጥፎ ትደርሳለች። አልጋ ደርሷል፣ መድኃኒት ወጥቷል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሐኪሙ እጅ ገብቷል፣ ነርሶቹ ይስቃሉ። እሷ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይያዛል። ይህን ለእህቷ ስትነግራት ትልቋ ከት ብላ ሳቀች።

«ቡዳ ነሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

«አትቀልጂ እታለም፣ እውነቴን ነው። ምኑም አልገባኝም።»

በእርግጥም አልገባትም። አንዳንድ ቀን «የእኛን ጥሪ ማነው የያዘው?» የሚል ሰው መስኮቷ ጋ ይመጣና መሣሪያው ላይ የሚያየውን አይቶ፣ እሷንም አይቶ፣ «እሺ… እርስዎ ከያዙት ጥሩ» ብሎ ይሄዳል። ምን እንደያዘች አታውቅም። እጇን ታያለች፣ ባዶ ነው። ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ከየት ጀምራ እንደምትፈታው ቸገራት። ልጠይቅ ትልና «ይህን ሁሉ ዘመን መገናኛ ላይ ተቀምጣ ይሄ አይገባትም?» እንዳይሏት ታፍራለች። ማፈር ደግሞ መጥፎ መካሪ ነው።

በዚህ መሐል ትልቋ ታመመች። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፣ ቀጥሎ ምግብ ዘጋት፣ በመጨረሻ ከአልጋ ወደ ወንበር ስትሄድ ትንፋሽ አጠራት። በታክሲ አመጧትና ውስጥ ደዌ ክፍል፣ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ላይ ተኛች። ኩላሊቷ ደክሟል አሉ። አቤት ፊቷ አመድ ለበሰ። በዚህ ዓለም ላይ ያለቻት እሷው ናት፤ እናትም፣ እህትም፣ ተሳዳቢም።

ወጣቱ ሐኪም ከአልጋው ራስጌ ቆሞ አስረዳት።

«እትዬ፣ ደም ወስደናል። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም የሚባል ጨው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከበዛ ልብን ያቆማል። የምንፈራው እሱን ነው።»

«ታዲያ ቢበዛስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«መድኃኒት አለው፣ መርፌ እንሰጣለን፣ ደሟን በማሽን እናጥባለን። ዋናው ፍጥነት ነው። ላቦራቶሪው ካገኘው ለእኔም፣ ለነርሷም፣ ለመድኃኒት ቤቱም፣ ለእጥበት ክፍሉም እኩል ይደርሳል። እንደ ድሮው በስልክ መፈላለግ የለም። እርስዎ አይጨነቁ።»

አቤት ግን ተጨነቀች። ያንን የፈዘዘ ዕቃ አምኖ እህት ይሰጣል? ውስጧ ቃል ገባች፤ የእህቴን ጥሪስ ራሴ እጠብቃለሁ፣ አንዲት ጢጥ አታመልጠኝም አለች። ትልቋ ከትራሷ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ሰው እየጠራሽ ይሆናል።»

«እሺ እታለም።»

«ደግሞ ስትመለሺ ማበጠሪያዬን አምጪልኝ። ሐኪሙ መልከ መልካም ነው፣ እንዲህ ሆኜ አያየኝም።»

እየሳቀች ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሳቋ አለቀባትና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ መሣሪያውን ከፊቷ አስቀምጣ እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት አፈጠጠችበት።

ከሰዓት በኋላው ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነበር። ከውጭ የሚደወለው ስልክ ይጮሃል፣ መሣሪያው ይጮሃል፣ መስኮቱ ላይ ሰው ቆሞ «ካርድ ክፍል የት ነው?» ይላል። አቤት ባንድ እጇ ስልክ፣ ባንድ እጇ መሣሪያ ይዛለች። ጢጥ ሲል ነካች። ጢጥ ሲል ነካች። ሌላ ጢጥ አለ፣ ይኸኛው ከሌላው ጊዜ ጠንከር ያለ ነበር፤ ጣቷ ግን ከጆሮዋ ፈጥና ነካችው። ጩኸቱ ቆመ። ያኔ ነው የተጻፈውን ያየችው።

«ውስጥ ደዌ። መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ። ፖታሲየም እጅግ ከፍተኛ። አስቸኳይ።»

ስልኩን አንስታ የውስጥ ደዌን ቁጥር ነካች። መስመሩ አይጠራም። ደግማ ነካች፤ ጭር አለ። የነርሶቹ ስልክ ከቦታው ተነስቷል። ሁሉም መሣሪያ ስለያዘ ጠዋት ነቅለው ወስደውታል። ስልኮቹ እንደሚነሱ ማስታወቂያ ለሁሉም በመሣሪያው ተልኮ ነበር፤ ለእሷም ደርሷት አረንጓዴዋን ነክታ ዝም አሰኝታዋለች፣ አላነበበችውም። የሐኪሙን ክፍል ሞከረች፣ እሱም ጭር አለ። ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቃቸው መስመሮች ድራሻቸው ጠፋ።

«ምን ሆኑ እነዚህ?» አለች ለሰሌዳው። «የት ሄዳችሁ?»

ስልኮቿ እየጮኹ ጥላቸው ወጣች። ይህን አድርጋ አታውቅም። ካርድ ክፍል የጠፋበት ሰውዬ «እመቤት፣ ስልኩ…» ሲል አልሰማችውም። ደረጃው ላይ ጎማን አገኘችው፤ ባዶ አልጋውን ተደግፎ ቆሟል።

«ለእታለም አልጠሩህም?»

«ማንም አልጠራኝም። ምነው? ምን ሆንሽ?»

አልጠሩትም! ሐኪሙ «እኩል ይደርሳል» አላለም ነበር? ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ደረጃውን እግሬ አውጪኝ አለች። ውስጥ ደዌ ክፍል ስትገባ ማንም የሚሮጥ የለም። ዋናዋ ነርስ ተረጋግታ የአንድ አዛውንት ቁስል ታሽጋለች። መስኮቱ ጋ ትልቋ በጎኗ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል።

«እታለም!»

መልስ የለም። ትንፋሽ አለ፣ ግን ከሩቅ።

«ሲስተር! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ውጤቱ መጣ እኮ! አስቸኳይ ይላል!»

ነርሷ ቀና አለች፤ እሷም ግራ ገብቷት ነበር። «ደርሶኛል እትዬ፤ አንዴ ጮኾ ወዲያው ቆመ። ማዕከል ይዞታል ስለሚል ከእጥበት ክፍል ጋር እየጨረሱልን ነው ብዬ እኮ ነው። እርስዎ አይደሉም የያዙት?»

«ምኑን?»

«ጉዳዩን።»

«እኔ ምን አውቄ እይዛለሁ? ሐኪም ነኝ እንዴ? ሲጮህ ነካሁት እንጂ!»

ነርሷ እጇ ላይ ያለውን ፋሻ ጣለችው። የአቤትን መሣሪያ ከእጇ ነጥቃ አየች፣ ከዚያ አቤትን አየች። ከዚያ ክፍሉን አቋርጣ ወደ አልጋው እየሮጠች መሣሪያውን መልሳ ወረወረችላት።

«ቀይዋን! ቀይዋን ይንኩ፣ ይልቀቁት! እርስዎ ካለቀቁት ለማንም አይጮህም!»

ቀይዋን። ለደግ አይሆንም የተባለችውን። አቤት መጀመሪያ ሳተች፣ ሁለተኛ ነካች።

ያን ጊዜ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ጮኸ፣ ኮሪደሩ ላይ ጮኸ፣ ከላይኛው ፎቅ ጮኸ፤ ከየኪሱ፣ ከየጠረጴዛው ባንድ ድምፅ። ማንም ማንንም አልጠራም። ወጣቱ ሐኪም ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ የሚያስፈልገውን እየተናገረ ነበር፣ ውጤቱን መንገድ ላይ አንብቦታል። ከጎን ክፍል የልብ ምት የሚያሳየውን ማሽን አመጡ። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ መርፌውን ይዛ ገባች፤ ማን ላካት? የእጥበት ክፍሉ «ማሽኑ ዝግጁ ነው፣ አምጧት» ብሎ ጻፈ። ጎማም ከነአልጋው በሩ ላይ ተገተረ። ጨንቋት ያለ ሥራ የቆመችው አቤት ብቻ ናት። እያንዳንዱ ሰው የት መቆም እንዳለበት ያውቃል፤ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ መሣሪያውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አንዱን ስታይ ሌላው እያለፋት ቀረች።

«ማነው ሁሉንም የጠራቸው?» አለችው ጎማን በሹክሹክታ።

«አንቺ ነሻ» አላት የኪሱን መሣሪያ አይቶ። «አሁን ስትለቂው።»

የልብ ማሽኑ መስመር መጀመሪያ ሰፊና ዘገምተኛ ነበር። ሐኪሙ መርፌውን ቀስ እያደረገ ሰጠ፣ ዓይኑን ከመስመሩ አልነቀለም። መስመሩ እየጠበበ፣ እየተስተካከለ መጣ። ከዚያ ትልቋን የጎማ አልጋ ላይ ጭነው ወደ እጥበት ክፍል ይዘዋት ሄዱ። ሐኪሙ ሲያልፍ አቤት እጁን ያዘችው።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ። ውጤቱ ሲመጣ ነክቼ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ልነግራችሁ መስሎኝ…»

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። «ትተርፋለች» አለ። «ትንሽ ቢቆይ ግን አላውቅም ነበር እትዬ። አሁን ልሂድ።»

ባዶው አልጋ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመጣባት ጀመር። ያልመጣው አልጋ። ያልተጠየቀው መድኃኒት። ምሳ ስትወጣ የሚፈጥነው ሥራ። «እርስዎ ከያዙት ጥሩ» እያለ የሚሄደው ሰው ሁሉ። ዕቃውን ስትሰድብ የኖረችው፣ ጉሮሮውን አንቃ የያዘችው ራሷ ሆና ነው! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የስንት ሰው ጥሪ እጇ ላይ ቀርቷል? ማን ምን ያህል ጠበቀ? ማን ታመመ፣ ማን አለቀሰ? አሰበች፣ አሰበች፣ አልደረሰችበትም። ያለቀሰችው ለእህቷ ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ ባለሙያዋ ደረጃው ሥር ወርዳ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣ፣ ከመጀመሪያው አስተማረቻት። ዳይሬክተሩ መጥተው «ለመሆኑ ሥልጠናው ላይ አልነበርሽም እንዴ?» አሉ። «ስልክ ሳነሳ ነበር» አለች። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሄዱ። ጎማ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ መስኮቱ ላይ ቆመ፤ አፉ እንቢ ሲለው ሁለት ሙዝ አስቀምጦላት ተመለሰ።

ትልቋ ነቅታ ቀና ብላ መቀመጥ ስትችል አቤት ሁሉንም ነገረቻት፤ አንድም አልደበቀችም። ማበጠሪያውን ይዛላት ሄዳ ነበርና ፀጉሯን እያበጠረች ነው የነገረቻት፤ ፊት ለፊት አይታት ለመናገር አልቻለችም። ትልቋ እስከ መጨረሻው ሰማች። አቤት ስድቡን ጠበቀች። አልመጣም። ስድቡ ቢመጣ ይቀላት ነበር።

«እታለም፣ ልገድልሽ ነበር እኮ።»

«ገለሽኛል እንዴ?»

«አይ።»

«እንግዲያውስ ማበጠሩን ቀጥዪ።»

በዚህ መሐል አቤት አጠገቧ ያስቀመጠችው መሣሪያ ጢጥ አለ። ከላቦራቶሪ ለቀዶ ሕክምና ክፍል የተላከ ነው፤ አነበበችው፣ የእሷ አይደለም። ጣቷ ግን ተነሳ። እጇን መለሰችና ጭኗ ሥር ቀበረችው፣ ተቀመጠችበትም። መሣሪያው ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ሰዎች፣ ኧረ አንሱት! አንሱት እንጂ እባካችሁ! ከዚያ ጩኸቱ በራሱ ቆመ፤ ከሥሩ «የቀዶ ሕክምና ነርስ ይዛዋለች» የሚል መጣ። አቤት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እጇን አላወጣችም፤ ፈርታዋለች።

«አንቺ ልጅ!» አለች ትልቋ።

አቤት ዝም አለች። ገና ጭኗ ሥር ያለውን እጇን እየጠበቀች ነበር።

«አንቺ ልጅ! አልሰማሽም?» ትልቋ አንገቷን ቀስ ብላ አዞረች፤ ድምፅዋ ደክሟል፣ ቁጣው ግን ያው የስፌት መኪናው ጊዜ ቁጣ ነው። «መንደሩ ሲጠራ ዝም በይ አልኩሽ እንጂ እኔ ስጠራሽ ዝም በይ አልኩሽ?»

የአቤት ዓይን እንባ ሞላ። እጇን ከጭኗ ሥር አወጣችና የእህቷን እጅ ያዘች።

«አቤት፣ እታለም።»